ጎንደር ተቀምጦ ለጣና ጀልባ መሥራት

ጎንደር ሆናችሁ ጀልባ ልሥራ ካላችሁ መጀመሪያ የምነግራችሁ ይህን ነው። ጀልባችሁ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትኖረው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ከከተማው እስከ ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። እሁድ ወርዳችሁ ስትቀዝፉ ትውላላችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ተገልብጣ ትቀመጣለች። ሥራ ሲበዛ ወሩን ሙሉ። መንገዱ አላስኬድ ሲል ደግሞ ከዚያም በላይ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩዋቸው የሚያምሩ የሳንቃ ጀልባዎች ግን ውሃ ዳር ታስረው ለሚያድሩበት አገር የተሠሩ ናቸው። የእኛ ነገር ሌላ ነው። እንጨቱንም፣ ማጣበቂያውንም፣ ክብደቱንም የሚወስነው ይኸው ነው።

የሳንቃ ጀልባ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሳንቃው ጎን ለጎን ይደረደራል፣ በመሃሉ ያለው ክፍተት በጥጥ ወይም በቃጫ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ይለቀለቃል። ውሃ ላይ ስትውል እንጨቱ ይጠጣና ያብጣል። ሲያብጥ እርስ በርሱ ተጫጭኖ ክፍተቱን ራሱ ይደፍነዋል። ይሄ ጥሩ ብልሃት ነው፣ ግን ጀልባዋ እርጥብ ሆና እስከቆየች ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። የጎንደርን በጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የቤት በር እንኳ ይሰነጥቃል። ወር ደርቃ የከረመች የሳንቃ ጀልባ ጎርጎራ ወርዳችሁ ውሃ ላይ ስታስቀምጧት በየስንጥቁ ታስገባለች። እስክታብጥ ድረስ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ያስፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ ማታ ወደ ቤት ናችሁ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኮምፔርሳቶ ነው። ንብርብሩ እርስ በርሱ ተሻግሮ ስለተጣበቀ በእርጥበትና በድርቀት ብዙም አያብጥም፣ አይኮማተርም።

ይህን እንጨት ቤት ሄዳችሁ ስታወሩ ባለሙያው አይስማማችሁም። የኔውም አልተስማሙም። ዕድሜያቸውን በበርና በመስኮት የጨረሱ አናጺ ናቸው፣ ለኮምፔርሳቶ ያላቸው ንቀት ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«እሱማ የኮርኒስ ነው እንጂ የጀልባ ነው እንዴ! ዋንዛ አምጣልኝ፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዋንዛውስ ሸጋ ነው። ግን ማን ይሸከመዋል?» አልኳቸው።

ሳቁ። ግን ስለ እንጨት የነገሩኝ ነገር ሁሉ ጠቅሞኛል፣ ምክንያቱም ኮምፔርሳቶ ጀልባም ቢሆን ደህና ደረቅ እንጨት የሚፈልግባቸው ቦታዎች አሉት። ለጠርዙ፣ ለመቀመጫው፣ ለመሪው እጀታና ከሥር ለሚሄደው ዘንግ ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ዋንዛ ለመላጊያ ይመቻል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። የሀበሻ ጥድ ምስጥም እርጥበትም አይደፍረውም፣ ግን ሚስማር ስትመቱበት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ በድሪል ብሱት። ዝግባ ቀላልና ለሥራ ገር ነው፣ ካልተለቀለቀ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳልም። ለጀልባ ሰውነት አልመክረውም፤ ቀጥ ያለና በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ ቀጭን አጣና ግን ለሸራ ምሰሶ ይሆናል። ሌላ ነገር፣ አገር በቀል ዛፍ ዝም ብሎ አይቆረጥም፣ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ የምመክረው ቤት ሲፈርስ የሚሸጥ አሮጌ በርና ጉበን መግዛት ነው። ለዓመታት የደረቀ ዋንዛ ከአዲስ ግንዲላ ይሻላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሚስማሩን ግን ሳትነቅሉ መላጊያ እንዳታስነኩት።

ስለ ታንኳ ሳላነሳ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ይህን የእርጥበት ጉዳይ ከማንኛችንም ቀድመው ያውቁታል። ጎርጎራ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው በቁሟ ሲያስደግፏት አገኘኋቸውና፣ «አባቴ፣ ይቺ ስንት ጊዜ ታገለግልዎታለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንደ አያያዟ ነው ልጄ። ውሃ ውስጥ ካሳደርካት ትከብድና ትሰምጥብሃለች። እያደረቅህ ካሳደርካት ትከርማለች» አሉኝ። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው፣ ውሃው ቀስ እያለ ያንን አየር እያስወጣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር፣ የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። «ራ» የምትባለው ያቺ ጀልባ ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ኋላዋ ውሃ ጠጥቶ ተንጠለጠለና ተሳፋሪዎቹ ጥለዋት ወጡ። ውቅያኖስ መሃል ደግሞ ማድረቂያ የለም። የኮምፔርሳቶ ጀልባም ነገሯ ያው ነው፣ ደረቅ እንደሆነች መቆየት አለባት። ልዩነቱ እንጨቱ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ አስቀድማችሁ መዝጋት መቻላችሁ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የኮምፔርሳቶ ቁራጮች በሽቦ ይሰፋሉ፣ መጋጠሚያው በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው) እና በፋይበር ግላስ ጥብጣብ ይጣበቃል፣ ከዚያ ሽቦው ይወጣል። ውስጥ ለውስጥ አጥንት የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ይህን መንገድ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ በቀረበችው «ሚረር» በምትባል ትንሽ የሸራ ጀልባ ነው። የሠሯት ጃክ ሆልት የሚባል የጀልባ ነዳፊና ባሪ ባክኔል የሚባል በቴሌቪዥን የቤት ውስጥ ጥገና የሚያስተምር ሰው ናቸው። የታሰበችው ተራ ሰው ጋራዡ ውስጥ ራሱ እንዲገጣጥማት ነበር፣ ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል። ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ ቀፎዋ 45 ኪሎ ያህል ነው። እኔም በዚሁ መጠን ነው የሠራሁት፣ እናንተም ከዚህ አትለፉ። አምስት ሜትር ጀልባ ጀምሮ ግቢው ውስጥ የዶሮ ቤት የሆነበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን ኮምፔርሳቶው። አንድ ሙሉ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ሉህ 10 ወይም 11 ኪሎ ይመዝናል፣ ሦስት ሉህ ይበቃችኋል። በጀልባ ሥራ ዓለም የሚፈለገው «ቢ ኤስ 1088» የሚባለውን መስፈርት የሚያሟላ ነው፣ ገበያችን ላይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ያለውን ትፈትናላችሁ። ሻጩን ለምናችሁ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ውሰዱና አንድ ሰዓት ቀቅሉት። አውጥታችሁ ጸሐይ ላይ አድርቁት፣ ደግማችሁ ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ማጣበቂያው የቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ለቁም ሣጥን ተዉት። ካልተላቀቀ ጠርዙን በደንብ እዩ። በንብርብሮቹ መሃል ቀዳዳ ካለ ውሃ ተደብቆ የሚያበሰብሰው እዚያ ነው። ለካሳፎርማ የሚሸጠው ቡናማ ፊልም የለበሰው ኮምፔርሳቶ ማጣበቂያው ብዙውን ጊዜ ውሃ ይችላል፣ ግን ወፍራምና ከባድ ነው፣ ፊልሙ ላይም ኢፖክሲ በደንብ አይዝም። እሱን ለመቀመጫ እንኳ አልወደውም።

ሉሁ 2.44 ስለሆነና ጀልባዋ ከዚያ ስለምትረዝም ሁለት ሉህ ጫፍ ለጫፍ መቀጠል አለባችሁ። ቀላሉ መንገድ ከሥር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ደርቦ በኢፖክሲ ማጣበቅ ነው። ቅጥያውን ሰው ከሚቀመጥበትና እግር ከሚረግጥበት ትክክለኛ ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

ቅርጹን በተመለከተ፣ ከሥር ጠፍጣፋ አድርጓት። ጠፍጣፋ ጀልባ ማዕበል ላይ ትንሽ ትመታለች፣ አልክድም። ግን ጣና ዳር ደለል ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ጠፍጣፋዋ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ትሄዳለች። ሂሳቧም ቀላል ነች። ውሃ የሚነካው ሥር 2.5 ካሬ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ጀልባዋ አንድ ሳንቲ ሜትር በጠለቀች ቁጥር 25 ሊትር ውሃ ትገፋለች፣ ማለትም 25 ኪሎ ትሸከማለች። ጀልባዋ 45፣ ሁለት ሰው 140፣ ዕቃ 20 ኪሎ ብትሉ 205 ኪሎ ነው። ስለዚህ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ትጠልቃለች። ጎኗ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ቁመት ካለው ከውሃው በላይ በቂ ይቀራችኋል። ሦስተኛ ሰው ልጨምር ስትሉ ይህን ሂሳብ አስቡት። ጓደኛ ደግሞ ጀልባ ሲያይ ይበዛል።

መስፋቱ ደስ የሚል ሥራ ነው። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በቀጭን መሰርሰሪያ ትበሳላችሁ፣ ብረት የሚታሰርበትን ለስላሳ ጥቁር ሽቦ አስገብታችሁ በጉጠት ታጠብቃላችሁ። ጠዋት ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ከሰዓት ጀልባ ሆኖ ታዩታላችሁ። ጎረቤት የሚሰበሰበውም ያኔ ነው። የኛ ሰፈር «ኖኅ» ሲለኝ ከረመ፣ አንዱማ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ እንዳስጀምራት መከረኝ። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። ኢፖክሲ ከመቀባታችሁ በፊት ጀልባዋ አለመጠማዘዟን አረጋግጡ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አግድም አስቀምጡና ከኋላ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ሆነው ካልታዩ ጀልባዋ ተጣማለች። አንዱን ጥግ በድንጋይ ከፍ፣ ሌላውን በክብደት ዝቅ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። ኢፖክሲው አንዴ ከያዘ በኋላ የተጣመመ ጀልባ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

አሁን ወደ ኢፖክሲ። ገንዘባችሁ በብዛት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፣ አትሰስቱ። ለዚህ መጠን ጀልባ ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ያስፈልጋል። እኔ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ስትገዙ ለወለል የሚሆነው ቀለም ያለበት እንዳይሰጣችሁ፣ ፋይበር ግላስ የሚያርሰውን ጥርት ያለውን በሉ። «ፖሊስተር ይረክሳል፣ እሱን ውሰድ» የሚላችሁ ይኖራል። የውሃ ታንከርና የመኪና ፓራውልት የሚጠገንበት ነው፣ ለእነሱ ጥሩ ነው። እንጨት ላይ ግን አያያዙ ደካማ ነው። እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ይላቀቅና ውሃ በመሃሉ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም። በርካሽ ፖሊስተር ከተለበሰ ውድ ኮምፔርሳቶ፣ በደንብ ኢፖክሲ የጠጣ መናኛ ኮምፔርሳቶ ይሻለኛል።

ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፣ ማደባለቂያው መጠን ጣሳው ላይ ተጽፏል። መጠኑ በክብደት ይሁን በይዘት በደንብ አንብቡ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቶሎ ይድረቅልኝ ብላችሁ ማድረቂያውን ብትጨምሩ ቶሎ አይደርቅም፣ እንዲያውም ሳይጠነክር ተለጥፎ ይቀራል። በትንሽ በትንሹ አደባልቁ። ጥልቅ ጣሳ ውስጥ ብዙ ካደባለቃችሁ ራሱ ሙቀት እየፈጠረ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ላይ ማፍሰስ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ለመጋጠሚያው ማዕዘን የሚሞላውን ግን ማወፈር አለባችሁ። በደንብ የተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ጨምራችሁ እንደ ተጋቢኖ ሽሮ እስኪሆንና ከማንኪያ እስከማይወርድ ድረስ አሹት። ማዕዘኑ ላይ አስቀምጣችሁ በማንኪያ ጀርባ ሳቡት፣ ክብ ያለ ለስላሳ ጎድጓዳ ይወጣል። በላዩ የፋይበር ግላስ ጥብጣብ አርሳችሁ ትለብጣላችሁ። ከውጭም ማዕዘኑን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጋችሁ እንዲሁ ትለብጣላችሁ፣ ፋይበር ግላስ ሹል ማዕዘን አይወድም።

የጎንደር አየር እዚህ ላይ ያስቸግራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ኢፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም፣ ጠዋት ስትነኩት ገና ይጣበቃል። ቀን በፀሐይ ስትቀቡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንጨቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር እየሰፋ ይወጣና ላዩ በአረፋ ይሞላል። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። እንጨቱን ቀን ፀሐይ ላይ አሞቀዋለሁ፣ ከሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጥላ ውስጥ አስገብቼ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር እቀባዋለሁ። ያኔ አየሩ እየተኮማተረ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ ከመምሸቱ በፊት በብርድ ልብስና በላስቲክ አለብሰዋለሁ። ክረምት ላይ ባትሠሩ ነው የምመክረው፣ እርጥብ እንጨት ኢፖክሲ አይቀበልም።

ጓንት አድርጉ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ኢፖክሲ ቆዳ ላይ በተደጋገመ ቁጥር አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም። ቆዳችሁ ላይ ከነካ በአኳራጅ አትታጠቡት፣ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። በሳሙናና በውሃ እሹት። ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝም እንዳይገባባችሁ ማስክ አድርጉ።

ኖኅም የታዘዘው ውስጧንም ውጭዋንም በቅጥራን እንዲለቀልቅ ነው። ብዙ ሰው ውጭውን አሳምሮ ውስጡን ይተወዋል። ውስጧ ዝናብ ያጠራቅማል፣ እርጥብ እግር ይገባበታል፣ የሚበሰብሰውም ከዚያ በኩል ነው። ኢፖክሲውን ሦስት እጅ ቀቡ፣ በሁለቱም በኩል። ከሁሉ በላይ ጠርዙን። እንጨት ውሃ የሚመጠው በብዛት በተቆረጠው ጫፉ ነው። ስለዚህ የምትበሱትን እያንዳንዱን ቀዳዳ፣ መቅዘፊያ ማሰሪያው የሚገባበትን ሁሉ ሰፋ አድርጋችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን ድጋሚ ብሱት። አሰልቺ ነው። ግን ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይሆንም። መጨረሻ ላይ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ኢፖክሲ ራሱ ፀሐይ ስለማይችል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፣ ጥቁር ግቢ ውስጥ ይግላል።

ከፊትና ከኋላ ሁለት የተዘጉ የአየር ክፍሎች ሥሩላት። ብትገለበጥ እንዳትሰምጥ የሚያደርጋት እሱ ነው። መክደኛ ያለው ቀዳዳ አድርጉበትና ቤት ስትመለሱ ክፈቱት፣ አለበለዚያ ተዘግቶ የቀረ እርጥበት ከውስጥ ይበላታል። ያ ካቃታችሁ በደንብ የተከደኑ ባዶ ጀሪካኖች ከመቀመጫው ሥር ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ያነሳል።

ሸራው ብዙ አያስጨንቃችሁ። አራት ማዕዘን ሆኖ ከላይ በአግዳሚ ዘንግ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ምረጡ፣ ምሰሶው አጭር ስለሚሆን መኪና ላይ ይጫናል። ከአራት እስከ አምስት ካሬ ሜትር ይበቃል። ለአግዳሚው ዘንግ የእንጅባራ ቀርከሃ ይሆናል፣ ቀላል ነው። ጨርቁን ከጭነት መኪና ሸራ አይነት ቀጭኑን ገዝቼ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አሰፋሁት። ሰውየው ድንኳን መስሎት ነበር። ጠርዙን በገመድ አጥፎ እንዲሰፋላችሁ፣ ጥግ ጥጉን አራትና አምስት ድርብ እንዲያደርግ ንገሩት። ነፋስ ሲበረታ ሸራውን አጥፋችሁ የምታሳጥሩበት ማሰሪያም በመሃሉ ይሁን።

በነፋስ አቅጣጫ በተቃራኒ ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻልም። ከነፋሱ 45 ወይም 50 ዲግሪ ወደ ጎን ብላችሁ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተመላለሳችሁ ነው የምትወጡት። ለዚህ ደግሞ ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት መሃሏ ላይ ወደ ታች የሚገባ ሳንቃ ያስፈልጋታል። መሬት ሲነካ ወደ ላይ የሚሳብ ይሁን። መሪውም እንዲሁ የሚታጠፍ ይሁን፣ እምቦጭ ውስጥ ስትገቡ ታመሰግኑኛላችሁ። የሸራውን ገመድ ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳታስሩት፣ በእጃችሁ ያዙት። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታችሁ መልቀቅ ነው፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋ ትቆማለች። የታሰረ ገመድ ይገለብጣችኋል።

ስለ ጣና ነፋስ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ከስድስት አንድ እጅ ያህል ክብደት ይጎድለዋል። ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የባሕር ሰዎች የጻፉትን መጠን ስታነቡ ሸራውን ትንሽ ከፍ ብታደርጉት አይጎዳም። ሞተር ለሚያስብ ሰውም ያው ነው፣ ቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ጎርጎራ ውሃው ብዙውን ጊዜ ጭጭ ይላል። ለመቅዘፍና ለመለማመድ ያ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳር ነፋስ ይነሳል። ጎርጎራ በሰሜን ዳር ስለሆነች ያ ነፋስ ከደቡብ ረጅሙን ሐይቅ አቋርጦ ነው የሚመጣው፣ ማዕበሉም በየመንገዱ እያደገ ይደርሳል። ጣና ደግሞ ስፋቱን ያህል ጥልቀት የለውም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረውም ያ ነው። ጥሩው ነገር ነፋሱ ወደ ዳር ነው፣ አንድ ነገር ቢሰበር መልሶ ወደ ጎርጎራ ይገፋችኋል። በተቃራኒው ነፋሱ ከዳር ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ቀን ሸራ አታውጡ፣ መሄዱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ መመለሱ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደግሞ ደመና ከጠቆረ ሳትከራከሩ ውጡ።

ላይፍ ጃኬት ሳታደርጉ ዳር እንኳ አትውጡ፣ ዋናተኛ ነኝ የሚለውን ወሬ ቤት ተዉት። ደረት በሚደርስ ውሃ ላይ፣ ሰው ዳር ቆሞ እያየ፣ ጀልባዋን ራሳችሁ ገልብጧትና መልሳችሁ ማቅናትን ተለማመዱ። ብትገለበጡ ከጀልባዋ አትለዩ፣ ዳሩ የሚመስላችሁን ያህል ቅርብ አይደለም። ወደ ማንዳባ ገዳም ለመሻገር ያሰባችሁም መጀመሪያ ከአካባቢው ባለጀልባዎች ጋር ሂዱ፣ ገዳሙም ሴት የማይገባበት ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ደንገል ሲበዛበት ጉማሬ ሊኖር ይችላል፣ የሚያውቁት አሳ አጥማጆቹ ናቸው፣ «በዚህ አትሂድ» ካሏችሁ አትሂዱ።

ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ጎርጎራ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው፣ ትሉ ቀንድ አውጣ ካለበት ዳር ዳር ካለው ውሃ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ጀልባ የሚገፋ ሰው ደግሞ ሥራው ዳር ላይ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ስትወጡ ወዲያው እግራችሁን በፎጣ ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ በየጊዜውም ጤና ጣቢያ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሐኪም ይሰጣል።

ከመጫናችሁ በፊት ጀልባዋን ዳር ላይ ገልብጣችሁ እምቦጩን አንድ በአንድ ልቀሙ። ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደረሰውን ታውቃላችሁ፣ ከትንሽ ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሳንቃው በሚገባበት ማስገቢያ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል፣ እዚያ እጃችሁን አስገቡ። ጀልባዋን አንገረብ ወይም ሌላ ግድብ ላይ ልሞክራት የምትሉ ከሆነ ከጣና በወጣች ማግስት አይሁን፣ ታጥባ ደርቃ ትክረም። ከዚያ ፖርቶ መጋላው ላይ አፏን ወደ ታች አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአፍንጫዋ ወደ መኪናው መከላከያ እሰሯት። ቤት ስትደርሱ በሁለት ግንድ ላይ ገልብጧት፣ አየር ከሥሯ ይለፍ፣ በላስቲክ አትጠቅልሏት፣ ጥላ ይበቃታል። የአየር ክፍሎቹን መክደኛ መክፈት አትርሱ።